ወተት ጀሪካን ውስጥ የሚገባ ብቻ

ኬስተን በምትባለው ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ልጅ ያሳደገ ሰው ቬርና ሁዳክን አላውቃትም ቢል ማንም አያምነውም። ቢጫውን የትምህርት ቤት አውቶቡስ እየነዳች የሁለት ትውልድ ልጆችን ወስዳ መልሳለች። ዛሬ ልጆቻቸውን ይዘው መንገድ ዳር የሚጠብቋት አባቶች ብዙዎቹ፣ በጊዜያቸው ኋላ ወንበር ላይ ቆመው ሲያስቸግሩ «ተቀመጥ አንተ፣ እኔ ከኋላም ዓይን አለኝ» ስትላቸው የነበሩ ናቸው። ደልደል ያለች፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። ከኦሃዮ ወንዝ የሚነሳው ጉም መንገዱን የዋጠው ዕለትም ሆነ በረዶ አስፋልቱን ያሟለጨው ዕለት፣ መሪዋን ስትጨብጥ እጇ አይርድም። በሌላውም ነገር እንደዚያው ናት። አንድ ነገር ልክ ነው ብላ ካመነች ሰው ምን ይለኛል ማለትን አታውቅም። ባሏ ክላይድ «ቬርና ብትሳሳት እንኳ ስህተቱ ራሱ ነው መጥቶ ይቅርታ የሚጠይቃት» እያለ ይቀልድባታል።

ጥቅምት ሲገባና የሊንደን ጎዳና ዛፎች ቀልተው ቅጠላቸውን ማራገፍ ሲጀምሩ፣ የቬርና የምግብ ጠረጴዛ ከምግብ ጋር ይቆራረጣል። ፈንዲሻ፣ ከረሜላ፣ ሪባን፣ መቀስና ሙጫ ይወርሱታል። ክላይድም ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ቴሌቪዥን ፊት ይበላል። የሃሎዊን ቅርጫት ወራት ነው፤ ሃሎዊን ልጆች መንፈስና ጠንቋይ መስለው እየለበሱ ከበር በር ከረሜላ የሚለምኑበት የጥቅምት በዓል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ ለጎረቤቱ ትንሽ ቅርጫት ያዘጋጅና አመሻሽ ላይ ደጃፉ አስቀምጦ፣ ደወሉን ተጭኖ፣ እግሬ አውጪኝ ይላል። ባለቤቱ በሩን ሲከፍት ቅርጫት እንጂ ሰው አያገኝም። ቅርጫቱን ያስገባና «ቡ ተብለናል»፣ መንፈስ አስደንግጦናል እንደማለት፣ የሚል የወረቀት መንፈስ መስኮቱ ላይ ይለጥፋል። እኛ ዘንድ ደርሷል፣ ወደ ሌላው እለፉ ማለት ነው። ከዚያ እሱም በተራው ለሁለት ሌሎች ቤቶች ያዘጋጃል። እንዲህ እያለ እስከ ሃሎዊን ማታ መንገዱን ያዳርሳል። ማን አመጣ ተብሎ አይጠየቅም፤ ሲሮጥ የታየም እንዳልታየ ይቆጠራል።

ሊንደን ጎዳና ላይ ይህን የጀመረችው ቬርና ናት። ሐሳቡን ግን ያገኘችው ከእናቷ ነው። ልጅ ሳለች አባቷ የሚሠራበት የብረት ፋብሪካ በሩን ዘጋ፤ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሥራ ፈት ሆነ። ሃሎዊን ሲደርስ አንዳንዱ ለሚመጡት ልጆች የሚሰጠው አጥቶ መብራቱን አጥፍቶ ሊቀመጥ ተዘጋጀ። እናቷ ግን «ከረሜላ መግዛት ባንችል ስኳር ማቅለጥ አያቅተንም» አለችና ፈንዲሻውን በቀለጠ ስኳር እያጣበቀች እንደ ኳስ አድበለበለችው። በሰም ወረቀት ጠቅልላ፣ ባዶ የቡና ጣሳ ውስጥ እየጨመረች፣ ቬርናንና እህቶቿን በየጎረቤቱ ደጅ አስቀምጣችሁ ኑ ብላ ላከቻቸው። በዚያ ማታ መብራቱን ያጠፋ ቤት አልነበረም። ቬርና ያንን ፈንዲሻ ስታስታውስ እስካሁን ጥርሷ ላይ ይጣበቃል።

ስለዚህ የእሷ ቅርጫት ከመጀመሪያውም ውድ ሆኖ አያውቅም። የምግብ ቤት ሠራተኞች የሚያጠልቁትን ስስ የፕላስቲክ ጓንት ወስዳ፣ በየጣቱ ጫፍ እንደ ጥፍር አንድ አንድ ከረሜላ ትከትና በፈንዲሻ ትሞላዋለች፤ የሬሳ እጅ ይመስላል። ባለ እንጨት ከረሜላ በነጭ ሶፍት ሸፍና አንገቱን በክር ታስርና ሁለት ዓይን ትስልበታለች፤ መንፈስ ይሆናል። መንደሪን ላይ በጥቁር እስክሪብቶ ጥርስና ዓይን ስትስልበት ትንሽ ዱባ ይሆናል። ሕፃናት ላሉበት ቤት በጨለማ የሚያበራ አምባር፣ ብቻውን ለሚኖር ሰው የትኩስ ቸኮሌት ዱቄትና በእጇ የጋገረችው ብስኩት ይጨመርበታል።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ግን ነገሩ ተበላሸ።

መንገዱ ጥግ ያለውን፣ ቀድሞ የዶክተሩ ቤት የሚባለውን ትልቅ ቤት አዲስ ሰዎች ገዝተውት ነበር። ባል በትልቁ ከተማ ይሠራል፤ ሚስቲቱ ካሪሳ ዊትሎ ትባላለች። አጥሩን ነጭ ቀለም አስቀቡት፤ ግቢው ውስጥ ከጣሪያው የሚስተካከል የፕላስቲክ አጽም ለበዓሉ ጌጥ አቆሙ። ጥቅምት እንደገባ ካሪሳ የሰፈሩን ልማድ ከየት እንደሆነ እንጃ ሰማችና፣ አንድ ማታ ሦስት ቤቶች ደጃፍ ላይ ቅርጫት ተገኘ። ቅርጫት ማለት ይከብዳል፤ የሠርግ ስጦታ ነበር። ለስላሳ ብርድ ልብስ፣ ጥሩ ሽታ ያለው ሻማ፣ የልጆች አሻንጉሊት፣ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ ቸኮሌት፣ ሁሉም በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ተሸፍኖ በሰፊ ሪባን ታስሯል። የደረሳቸው ሰዎች ለጎረቤት አሳዩ። ጎረቤት አየና ቤቱ ገባ።

በሳምንቱ ቬርና የመጀመሪያዋን ቅርጫት ይዛ አመሻሽ ላይ ወጣች። ለሚስተር ኦስትራንደር ነበር ያሰበችው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። መስኮታቸው ላይ የወረቀት መንፈስ ተለጥፏል። እሺ፣ ሌላ ሰው ቀደመኝ ብላ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደች። እዚያም መንፈስ አለ። ከዚያም ቀጥሎ። መንገዱን እስከ ታች ወርዳ ተመለሰች፤ ያልተለጠፈበት መስኮት የለም ማለት ይቻላል። ቬርና ቅርጫቷን እንደያዘች መሐል መንገድ ላይ ቆመች። ጨዋታው ገና መጀመሩ ነው፤ በዚህ ፍጥነት ሰፈሩን ሊያዳርስ አይችልም።

ጆሊን ደረጃዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሁለት ሴት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ የሆነች ሴት ናት። የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ሲጋራዋን ታጨሳለች።

«ጆሊን፣ መስኮትሽ ላይ ያለው መንፈስ የማን ቅርጫት ነው?»

«አይጠየቅም አይደል እንዴ ደንቡ?»

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ንገሪኝ።»

ጆሊን ጭሷን ወደ ጎን ተፋችና ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። «ማንም አላመጣም። እኔው ነኝ የለጠፍኩት።»

«ለምን?»

«ለምን ትይኛለሽ? እዚህ አጠገቤ ምን እንደመጣ አላየሽም? ብርድ ልብስ፣ ሻማ፣ ምናምን። እኔ ቤት እንዲህ ያለ ቢመጣ ምን አድርጌ ነው ለሌላ ሰው የማወጣው? ጓንት ውስጥ ፈንዲሻ ሞልቼ? ልጆቼ በኔ ሲያፍሩ ይታየኛል። መንፈሱን ስለጥፍ ማንም አይመጣም፣ እኔም ከማንም ዕዳ የለብኝም።»

«ሚስተር ኦስትራንደር ግን?»

«እሳቸውም ለኔም ቁረጪልኝ አሉኝ። ሌሎቹም እንደዚያው። መቀስ ይዤ ነው የዋልኩት እኮ፣ ቬርና። መንፈስ አምራች ሆኛለሁ።»

ቬርና መሳቅ አማራት፤ ግን ሳቁ አልመጣላትም። ቅርጫቷን ይዛ ቤቷ ተመለሰች።

«ጨዋታ ነው፣ ተዪው» አላት ክላይድ። «ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ ይሆናል።»

«ጨዋታማ ከሆነ የሚጫወተው ሰው ተደብቆ አይቀመጥም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ሄጄ ለዚያች ለትልቁ ቤት ሴትዮ እነግራታለኋ።»

ክላይድ ባሏ ነውና ያውቃታል፤ ድምፁን ቀነስ አድርጎ «ቀስ ብለሽ ብቻ» አላት።

በማግስቱ ከሰዓት ልጆቹን አድርሳ አውቶቡሱን እንዳቆመች፣ የሥራ ጃኬቷን ሳታወልቅ ወደ ትልቁ ቤት ሄደች። በሩን የከፈተችው ካሪሳ ራሷ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ፀጉሯን ወደ ላይ ያሰረች ወጣት ሴት። ቬርናን ስታይ ፊቷ በራ።

«ወይዘሮ ሁዳክ አይደሉም? በመስኮት ሲያልፉ አይዎታለሁ። ይግቡ፣ ይግቡ።»

«ገብቼ አልቀመጥም፤ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት። ስለ ቅርጫቶቹ ነው።»

«ወደዱት?»

ቬርና ቀስ ብለሽ የተባለችውን ልታስታውስ ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ፈሩት እንጂ። እዚህ ሰፈር ያንን የሚመልስ ሰው የለም። የተቀበለ ማድረግ አለበት፤ ማድረግ ያልቻለ ደግሞ ከመቀበሉ በፊት ይደበቃል። በየመስኮቱ የምታያቸው መናፍስት ሁሉ ውሸት ናቸው። ሰዎቹ በራቸውን እየዘጉብሽ ነው።»

ካሪሳ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቀረች። ፊቷ ቀላ። «እኔ እንዲወዱኝ ነው ያደረግኩት» አለች። «መጋቢት ላይ ነው የገባነው። እስከ ዛሬ ይህን ደረጃ የረገጠው ፖስተኛው ብቻ ነው። አሁን ደግሞ እርስዎ፤ እርስዎም የመጡት ለዚህ።»

ቬርና እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀችም። መጋቢት ላይ የዕቃ መኪናዎቹ ሲገቡ ከአውቶቡሷ ላይ ሆና አይታ ነበር። ለአዲስ ጎረቤት የፖም ኬክ ሳትጋግር ያለፈችበት ጊዜ የለም፤ ለነዚህኞቹ ግን አልጋገረችም። ያንን የሚያብረቀርቅ መኪናቸውን አየችና፣ የነዚህ ሰዎች አፍ የኔን ኬክ አይፈልግም ብላ ወሰነች። ስትወስን ደግሞ ልክ እንደሁልጊዜው ያለ ጥርጥር ነበር የወሰነችው።

«እሱ የኔ ጥፋት ነው» አለች ቬርና። «መምጣት ነበረብኝ፣ አልመጣሁም። ሰፈሩ እኔን ነው የሚያየው፤ እኔ ስቀር ቀሩ።»

ካሪሳ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «አሁን ምን ይሻላል ታዲያ? ቅርጫቶቹን መልሼ አልሰበስብ።»

«መቀስ መያዝ ትችያለሽ?»

«አልዋሽዎትም፣ ወይዘሮ ሁዳክ፤ ሁሉንም ተዘጋጅቶ ነው የገዛሁት። በእጄ ምንም ሠርቼ አላውቅም።»

«ቬርና በዪኝ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የኔ ጋራዥ ነዪ። የሚቆሽሽ ልብስ ልበሺ።»

ቬርና ከዚያ ቀን እስከ ቅዳሜ ሰፈሩ ያለውን ባዶ የወተት ጀሪካን ሁሉ ሰበሰበች። ያን ባለ እጀታ ነጭ ፕላስቲክ፣ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ በየጊዜው የሚጥለውን። በየቤቱ እየሄደች «ቅዳሜ እፈልግሻለሁ» ስትል ለምን ብሎ የጠየቃት የለም፤ አውቶቡስ ሹፌሯ ውጡ ስትል እንደሚወጣው ሁሉ መጡ። ክላይድ ጋራዡን ጠርጎ ረጅም ሳንቃ በርሜሎች ላይ አጋደመ። ጆሊን ሌሊቱን ሠርታ ትንሽ ተኝታ፣ ዓይኗ እንዳበጠ መጣች። ሚስተር ኦስትራንደር ከግቢያቸው ዛፍ የለቀሙትን ፖም በሁለት ፌስታል ተሸክመው ብቅ አሉ።

«ሽማግሌ ምን ያደርግላችኋል ብዬ ነበር» አሉ። «በኋላ ደግሞ መቀስ እስከያዙ ድረስ እኔን የሚያክል የለም አልኩ።»

«እውነትዎን ነው። የጀሪካኑን አፍ እርስዎ ይቁረጡልን» አለች ቬርና።

ካሪሳ ስትገባ ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። የሚቆሽሽ ልብስ ተብላ የለበሰችው ነጭ ሹራብ ነው። በክንዷ የሪባን ጥቅል አቅፋለች። ጆሊን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና «ያ የምታቆሽሺው ልብስሽ ከሆነ የሠርግሽን ልብስ ማየት እፈልጋለሁ» አለቻት። ካሪሳ ሹራቧን ቁልቁል አየች፤ ከዚያ ራሷ ቀድማ ሳቀች። ነገሩ በዚያው ላላ።

ቬርና ሳንቃውን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። «ስሙኝ። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ደንብ ጨምሬያለሁ። እዚህ ጀሪካን ውስጥ የማይገባ ነገር አይሰጥም። ጀሪካኑ ውስጥ ከገባ ፈንዲሻም ሆነ ወርቅ የሰጪው ጉዳይ ነው፤ ተቀባይ ግን የተቀበለውን ያህል መመለስ የለበትም። ጀሪካን ሞልቶ ካወጣ በቃው። የሚከራከር አለ?»

«ወርቅ የሚያመጣ ካለ እኔ ቤት ይጀምር» አለ ክላይድ።

ሚስተር ኦስትራንደር የጀሪካኑን ላይኛ ክፍል እጀታው ሳይነካ ዙሪያውን ቆረጡት፤ ነጩ ፕላስቲክ ላይ ጥቁር ዓይንና አፍ ሲሳልበት ሳቂታ መንፈስ ሆነ። ጆሊን ፈንዲሻውን ቆላች። ካሪሳ ጓንት ስትሞላ የጣቶቹ ጥፍር እየተገለበጠባት፣ ፈንዲሻው መሬት ላይ እየተበተነባት ተቸገረች። በኋላ ቬርና መንደሪኖቹን ሰጠቻትና እስክሪብቶ አስያዘቻት። ካሪሳ አንገቷን ደፍታ ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ሳንቃው ላይ የደረደረቻቸው መንደሪኖች የጋራዡን ሰዎች መስለው ተቀምጠዋል፤ ይኼኛው የክላይድ ረጅም አፍንጫ፣ ያኛው የሚስተር ኦስትራንደር ጢም፣ አንዷ ደግሞ ዓይኗ ተጨፍኖ የምታዛጋው ጆሊን። ቬርና የራሷን አገጭ ባንዱ ላይ ስታየው ሳቋ ከጋራዡ አልፎ መንገድ ላይ ወጣ።

«ይህማ አይበላም» አሉ ሚስተር ኦስትራንደር፣ የራሳቸውን መንደሪን በጣታቸው እያዞሩ። «ይኼን ማንም እንዳይሰጥብኝ፤ ለራሴ ነው።»

ሊለያዩ ሲሉ ቬርና በር ላይ ቆመች። «ሐሰተኞቹን መናፍስት ዛሬውኑ አንሱልኝ። መስኮቱ ላይ የሚለጥፈው በእውነት ቡ የተባለ ሰው ብቻ ነው።»

«የለፋሁበት ሁሉ» አለች ጆሊን፤ ግን የመጀመሪያውን የገነጠለችው እሷው ናት።

ከዚያ ወዲያ ሊንደን ጎዳና በየምሽቱ ደወል በደወል ሆነ። ሰዎች ከአጥር ጀርባ ሲያጎነብሱ፣ ከመኪና ኋላ ሲደበቁ ይታያሉ። ቬርናም ለትልቁ ቤት የሚሆነውን ራሷ አዘጋጀች። ፈንዲሻ፣ ብስኩት፣ ሁለት ባለ እንጨት መናፍስት፣ ፖም። ሲመሽ ዝናብ አካፍቶ ነበር። ደረጃውን ወጣች፣ ጀሪካኑን አስቀመጠች፣ ደወሉን ተጫነች፣ ዞር ብላ ልትሮጥ ስትል እርጥብ ቅጠል ላይ እግሯ ከዳት። መጨረሻው ደረጃ ሥር ቁጭ ብላ ራሷን አገኘችው። ቁርጭምጭሚቷ እንደ እሳት ያቃጥላል።

በሩ ተከፈተ። የበረንዳው መብራት በቀጥታ ቬርና ላይ ያርፋል። ካሪሳ አየቻት፤ ላለማየት የሚቻልም አልነበረም። ጀሪካኑን አነሳችና ግራ ቀኝ ቃኘች።

«ማን ነው?» አለ ባሏ ከውስጥ።

«ማንም የለም» አለች ካሪሳ ጮክ ብላ። «ቡ ተብለናል።» በሩንም ዘጋችው።

ቬርና ልትስቅም ልትቆጣም አልቻለችም። እግሯን ይዛ በዚያ እርጥበት ላይ እንደተቀመጠች በሩ እንደገና ተከፈተና ካሪሳ ለእብጠት የሚያዝ አንድ ከረጢት በረዶ የሆነ አተርና የወንበር ትራስ ይዛ ወጣች። ወደ ሰማይ እያየች ደረጃው ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ይህ ለዚያች ለማላውቃት ድመት ነው» አለች። «እግሯን ወለም ያላት ይመስለኛል። ባሏን መጥራት ከፈለገች እኔ ስልክ አለኝ።»

«ድመቷ ስልኳን ይዛለች» አለች ቬርና ከታች። «ድመቷን የሚያነሳት ክንድ ነው የጠፋው።»

ካሪሳ ያኔ መሳቅ ጀመረች፤ ወርዳም በብብቷ ያዘቻት። ትንሿ ሴት ደልዳላዋን ልታነሳ ስትታገል ሁለቱም መልሰው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ቬርና ደውላለት ክላይድ እያለከለከ ሲደርስ ዝናብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከጀሪካኑ ፈንዲሻ ሲበሉ ነው ያገኛቸው።

«አንቺ ሰው እንዴት ነው እዚህ የተቀመጥሽው?» አለ።

«ቀስ በዪ ብለኸኝ የለ» አለችው ቬርና።

አጥንቷ አልተሰበረም፤ ወለምታ ነበር። አውቶቡሱን ለጥቂት ቀን ሌላ ሹፌር ነዳው። ልጆቹ አዲሱ ሹፌር ከኋላ ዓይን እንደሌለው ባንድ ጠዋት አወቁበት።

በሃሎዊን ማታ ቬርና በረንዳዋ ላይ እግሯን ሳጥን ላይ ሰቅላ ከረሜላ ታድላለች። ካሪሳ የጠንቋይ ቆብ አጥልቃ አጠገቧ ቆማለች፤ ጆሊን ሥራ ከመግባቷ በፊት ልጆቿን ይዛ መጥታ፣ ፈንዲሻ ላይ ጨው መብዛቱን አስመልክቶ ከካሪሳ ጋር ክርክር ይዛለች። መሐል ላይ፣ ከመንገዱ ታች ያለውን ኪራይ ቤት በቅርቡ የገቡበት ባልና ሚስት የዱባ ልብስ ያለበሱትን ሕፃን አቅፈው ከበረንዳው ሥር ቆሙ።

«ይቅርታ» አለች ሴቲቱ አፈር እያለች፣ «በየመስኮቱ ያለው የወረቀት መንፈስ ምንድን ነው? የኛ ቤት ብቻ የለውም።»

ቬርና አፏን ልትከፍት ብላ ተወችው። ካሪሳ ቀድማ ደረጃውን ወርዳ ነበር።

«እስካሁን ሳንመጣ የቀረነው የኛ ጥፋት ነው» አለቻቸው፣ ሕፃኑ ጫማ ላይ የተጣበቀ ቅጠል እያነሳች። «ነገሩ ምን መሰላችሁ…»